በአንድ ጠቦት የገዛሁት ፎቶግራፍ

ያ ፎቶግራፍ አንድ ጠቦት፣ የሁለት ቀን የእግር መንገድና የአባቴን ሳቅ አስከፍሎኛል። ትናንት የልጅ ልጄ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ባናዬን፣ ያንን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ በስልኳ ሃያ ጊዜ አንስታ አሥራ ዘጠኙን ስትደመስስ አይቼ ነው ትዝ ያለኝ። እኛ የምንደመስሰው አልነበረንም።

ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ካሜራ በየተራ እያዋሱ፣ «የአንድ ሰው ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፎቶግራፍ ይተረክ» አሉን። ፊልሙ አሥራ ሁለት ብቻ ያነሳል። በግ ነጋዴው አባቴ ደግሞ «ከወደቅህ በጎቹ ይጠብቁሃል» ብሎኛል። በጎቹን አልጠላም፤ በጥቅምት ውርጭ እነሱን መከተል ግን አልወድም።

ጉሙን እየቀዘፍሁ አንኮበር አክስቴ ዘንድ ወረድሁ። ጎረቤቷ ጋሽ ወልዴ ባና ሠሪ ናቸው። ሥራዎን ላንሳ ስላቸው እሺ አሉ። ካሜራውን ባነሳሁ ቁጥር ግን ሥራቸውን ጥለው ጓዳ ይገባሉ፤ ነጭ ጋቢ ደርበው ይወጡና ግድግዳው ሥር እንደ ዘብ ይቆማሉ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሥራዎን እኮ ነው የምፈልገው!»

«በቡትቶ ልነሳልህ? ስሞት ልጆቼ እያዩት ይፈሩብኝ?»

ጠጉሩ ሲታጠብ ጋሽ ወልዴ በጋቢ፤ ክሩ ሲፈተል ጋሽ ወልዴ በጋቢ። ለብሶ የቆመን ሰው አላነሳም ማለትም ነውር ነው። አሥራ አንዱ አለቀ። ያን ምሽት አክስቴ ያቀረበችውን የባቄላ እሸት እየፈለፈልሁ መላ ስፈልግ አመሸሁ።

በማግስቱ ካሜራውን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ተማሪነቱን ትቼ ገዢ ሆኜ ገባሁ። ያለቀ ባና ዳሰስሁ።

«ሳስቷል።»

«ምን አልህ?»

«ወንፊት ነው። ደብረ ብርሃን ያለውን ጠቦቴን ልሰጥበት ነበር፤ ይቅር።»

ጋቢው ተረሳ። በዚያው በቡትቷቸው የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው መወርወሪያውን ያስወነጭፉት ጀመር። «ይሄ ነው ወንፊት? ና፣ ጣትህን አሾልክበት እስቲ! የበግ ነጋዴ ዘር!»

የካሜራውን ቁልፍ ተጫንሁት።

ቀና ሲሉ እጃቸውን ዘረጉ። «በጠቦት ብለሃል፤ ምታ!» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መታሁ።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ መምህሩ አሥራ አንዱን ገለጡና «የእኚህ ሰው ሥራ መቆም ነው?» አሉ። አሥራ ሁለተኛውን ለብቻ አነሱት። መወርወሪያው አየር ላይ ነበር፤ የጋሽ ወልዴ አፍም እንደተከፈተ። «በዚህኛው አልፈሃል» አሉኝ። አባቴ የጠቦቱን ነገር ሲሰማ «ሳይወድቅ ነጋዴ ሆነ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

የቀረችኝ አንዲት ፍርሃት ነበረች። ለገና ጠቦቱን እየነዳሁ ወረድሁና ፎቶግራፉን ለጋሽ ወልዴ ሰጠኋቸው። ቡትቷቸውን አይተው ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ይኸው!» አሉ። «የታለ ወንፊቱ?»

ትናንት ባናውን ሳጥፍ ጣቴን ላሾልክ ሞከርሁ፤ አልሾለከም። አንድ ጠቦት ወጣ፤ አንድ ፎቶግራፍና አንድ ባና ገባ።