በስድስት ሰዓት የሚከዳኝ እጅ

ጅግጅጋ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቅ ይዘጋል። ሰዉ ምሳውን በልቶ፣ ጫት የሚቅመውም ቅሞ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ አሥር ሰዓት ላይ መልሶ ይከፍታል። ያ ሁሉ የብረት መዝጊያ አንድ ላይ ሲወርድ ጩኸቱ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ጸጉር አስተካካይ ነኝ፤ ያ ድምፅ የምሳ ደወሌ ነበር።

በ2010 ክረምት ከተማው ሲረበሽ፣ ሶማሌ ያልሆነው ሁሉ ሲታደን፣ መዝጊያዎቹ በጠዋት ወረዱ። አንድ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጬ አገጩን አረፋ ቀብቼው ነበር፤ ከነአረፋው ሮጠ። እኔንና ባለቤቴን፣ ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጠው ሶማሌው ጎረቤቴ፣ ሐጂ የምንለው፣ ቤቱ አስገባንና ሦስት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልነካንም። የተሰባበረውን ጸጉር ቤቴን አደስኩ፣ መስታወት አስገባሁ። አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። ከዚያ ወዲህ መዝጊያ ሲወርድ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አፌ ይደርቃል። ሃያ ዓመት የማውቀውን ደንበኛ ጸጉር እንዴት እንደማስተካክለው ይጠፋብኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ የመጣውን ሁሉ "ምላጭ አልቋል" እለዋለሁ። መሳቢያው ግን ሙሉ ነው።

ባለቤቴ እጄን አይታ "ስኳር ነው" ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደሜ ታየ፣ ግፊቴ ተለካ። ሐኪሙ ወጣት ነው።

"አባባ፣ ጭንቀት ነው" አለኝ።

"ምን ያስጨንቀኛል? በልቼ አድራለሁ!"

"እርስዎ ባይጨነቁም አካልዎ ይጨነቃል። ያኔ አንጎልዎ 'ሩጥ' ብሎ አዘዘው። 'በቃ' ያለው ግን የለም።"

"እኔ ብዬዋለሁ!" ብዬ ተነሣሁ። የሰጠኝን ኪኒን ግን ውጬዋለሁ። እንቅልፍ ሰጠኝ፣ እጄን አልሰጠኝም።

ሐጂ ነቅቶብኝ ኖሯል። "ወርያ፣ አንተ ሰውዬ" አለኝ አንድ ቀን፣ "ምላጭህ ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው? ምሳ የሚበላው አንተ ነህ ወይስ እሱ?" ሳቅን፤ ነገርኩት። በማግስቱ መዝጊያውን በሁለት እጁ ደግፎ ቀስ አድርጎ አወረደው። ጎረቤቶቹንም ለምኖ እንደዚያው አስደረጋቸው። መንገዱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ደግሞ ባሰብኝ፤ ድምፁ አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያልኩ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ መጠበቅ ያዝኩ። ይህን ለሐጂ በምን አፌ ልንገረው?

በዒድ ዋዜማ፣ ሂና የተቀባ ጢሙን ዙሪያውን እንድላጭለት መጣ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው።

"ምላጭ አልቋል" አልኩት።

መሳቢያውን ራሱ ሳበው። "ይኸው። ላጭ! እኔ አይደለሁ እንዴ የተቀመጥኩት?"

ምላጩን ሁለቴ ሳብኩ፣ ደህና ነበር። ማዶ ያለው አዲስ ባለሱቅ፣ ነገሩን ያልሰማው ሰው፣ መዝጊያውን ለቀቀው። ሐጂ አንገት ላይ ቀጭን የደም መስመር ወጣ።

"ጨርስ" አለኝ ሳይነቃነቅ።

"አልችልም።"

"ጨርስ እኮ ነው የምልህ! ደም አይቼ አላውቅም?"

ጣቶቼ አልከፈት አሉኝ። ምላጩን ከእጄ ፈልቅቆ የወሰደው እሱ ነው።

ዛሬ የምሠራው በቶንዶስ ብቻ ነው፤ ምላጭ አልነካም። ሐጂ ሌላ ጸጉር ቤት አይሄድም። ያ ንጹሕ ሰው፣ ከጢሙ በታች ነጭ ጸጉር እስከ አንገቱ ወርዶበት ልጆቹ ይስቁበታል። "ሂድ እንጂ፣ ከታች ጎበዝ አስተካካይ አለ" እለዋለሁ። "እጅህ ሲመለስ" ይለኛል።

ትናንት "አይመለስም እኮ" አልኩት።

"እኔ ቸኮልኩ?" አለኝና ጨርቁን ማጠፍ ቀጠለ።

አንገቱን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞርኩ።