የሠላሳ አንድ ቁጥር ውሃ

ያግዳ ዛግሬብ ውስጥ፣ በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት አይጦችን መንከባከብ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። አሳማ በሚረባበት ቤት ያደገች የገጠር ልጅ ናትና የእንስሳ ሕመም ከዓይኑ ይገባታል።

አሁን በእጇ ያሉት ስልሳ አይጦች አንጀታቸው የቆሰለ ነው። ግማሾቹ የሚጠጡት ውሃ ፔፕታይድ የሚሉት፣ የአንጀት ቁስል ያሽራል ተብሎ የሚሞከር መድኃኒት ተበጥብጦበታል፤ የቀሩት ባዶ ውሃ ይጠጣሉ። ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት ምርምሩን በምትመራው በዶክተር ቭላስታ ቁም ሣጥን ታሽጎ ተቀምጧል፤ የሚከፈተውም ነገ ነው።

ትናንት የሠላሳ አንድ ቁጥር ጠርሙስ ፈስሶ ባዶውን አገኘችው። አይጧ ጎኗ ገብቶ ደረቁን ቱቦ ትልሳለች። ደንቡ ዶክተሯን መጥራት ነበር፤ ዶክተሯ ግን ስብሰባ ላይ ናት። ያግዳ አይጧን እያየች መጠበቅ አልቻለችም። የጎረቤቷን የሠላሳ ሁለትን ጠርሙስ አንሥታ ሰካችላት፣ ለአፍታ ብላ። ዛሬ ጠዋት ስትመጣ ረስታው የሄደችው ጠርሙስ እዚያው ነበር፤ ግማሽ ጎድሏል።

«ዝም በይ» አላት ባልደረባዋ ዝቮንኮ፣ ምሳ ላይ ስታዋየው፣ ባቄላ በቋሊማውን እየጎረሰ። «አይጥ ምስክር አትቆምም። ውልሽ የሚታደሰው በዚህ ወር አይደል እንዴ?»

«ሠላሳ አንድ እኮ መብላት ጀምራለች።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ካልሲ ሥሪላት።»

ያግዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በዚያ ቁጥር ተማምኖ መድኃኒቱን አንድ ቀን የሚጠጣው ሰው ነው። ደረጃውን ወጣች።

«ዶክተር፣ አጥፍቻለሁ» ብላ ሁሉንም ነገረቻት።

«ስንት ሰዓት ቆየ?»

«ከአሥር ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ።»

ቭላስታ ሁለቱን ቁጥሮች ከመዝገቡ ሰረዘች። ብዕሩን ግን አልከደነችም።

«ሌላስ፣ እትዬ ያግዳ?»

የለም ማለት ይቻል ነበር። ያግዳ የሽርጧን ጠርዝ ጨበጠች።

«አሥራ አራት። ባለፈው ሰኞ ከጎረቤቷ ጠርሙስ በጣቴ አስልሻታለሁ።»

«በስመ አብ» አለች ቭላስታ ቀስ ብላ። እሱንም ሰረዘች። «ይህንን መጻፍ አለብኝ። ውልዎን የምወስነው ደግሞ እኔ አይደለሁም።»

«ይጻፉት። ሃምሳ ሰባቱ ይበቃሉ?»

«እንጃ። ይበቁ ይሆናል።»

ያግዳ ከጽሑፉ ግርጌ ፈረመች። ጠርሙስ የሚሞላበት ሰዓት ደርሷል። የአይጦቹን ክፍል ቁልፍ መልሺ ያላት ስለሌለ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።