ጨለማ ሲሆን የሚሠራው ስልክ

ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ባንቺአየሁ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ነበረች። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ከፒያሳ በላይ ባለው የጣሊያናዊው መሐንዲስ ቤት ምድጃ ታነድዳለች፤ ረፋድ ላይ ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ማታ ራት አቅርባ፣ ሳሕን አጥባ፣ ጓሮ ወዳለችው ክፍሏ ትገባለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነበር፤ መብራት የሚጠፋበት ቀን ሲቀር።

ቤቱ ሁለት ስልክ ነበረው። አዲሱ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የከተማው የስልክ ማዕከል በመብራት ስለሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ዝም ይላል። አሮጌው በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እጀታው ሲዞር የከተማው መብራት ከሚመነጭበት አዘዞ ወዳለው የሞተር ቤት በቀጥታ ይደውላል እንጂ የማንንም መብራት አይለምንም። መሐንዲሱ የሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር፦ መብራት ሲጠፋ እሱ በማኪናው ወደ መብራት ማከፋፈያው ይሄዳል፤ እሷ አሮጌውን ስልክ አዙራ «ጠፍቷል» ትላለች። በሌላ ጊዜ ስልኩን መንካት ክልክል ነው።

ባንቺአየሁ ግን ያለ ሰላምታ ወሬ በሚጀመርበት አገር አላደገችም። በመጀመሪያው ቀን ከወዲያ ያነሣውን የሞተር ጠባቂ፣ ክንዱን፣ እንዴት እንደዋለ፣ ጤናው እንዴት እንደሆነ፣ ከብት ይኑረው አይኑረው ሳታውቅ ከብቱ እንዴት እንደሰነበተ ጠየቀችው። እሱም በተራው ጠየቃት። ስለ መብራቱ ልትነግረው ስትል መብራቱ መጣ።

«ምነው፣ የደወልሽበትን ሳትነግሪኝ?» አላት።

«ለሚቀጥለው ይቆይህ» አለችው።

ዓመት ሙሉ እንዲህ ተነጋገሩ። ክንዱም ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር። ፊት ለፊት የተያዩት ለጥምቀት እሷ አዘዞ ወርዳ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሞተሩ ተጥሎ አይኬድም። ከፋሲካ ወዲህ ግን መብራቱ በየሳምንቱ ይጠፋ ጀመር። መሐንዲሱ ሽቦውን ጠረጠረ። ባንቺአየሁ ሽቦውን አልጠረጠረችም።

ታላቅ ወንድሟ የሻው በቅሎ ሊሸጥ ከጠዳ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

«እሑድ ይዤሽ እሄዳለሁ» አላት። «አንቺን ለጠየቀኝ ለውዱ ቃሌን ልሰጥ ነው። ሦስት ጥማድ በሬ አለው።»

«በሬዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከሱ ይሻላሉ።»

«ሌላ የጠየቀሽ አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ሽማግሌው የታለ? ደጅ የቆመ ሰው አላየሁም።»

የየሻው ጥያቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሽማግሌ ለጋብቻ ሴት ሲጠይቅ ቆሞ ነው፤ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም። ከአዘዞ ወደ ከተማ ለመግባት ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ክንዱም ሆነ የሚልካቸው ሽማግሌ አያ ሐብተ ማርያም ይህ ወረቀት አልነበራቸውም።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ መብራቱ ጠፋ። መሐንዲሱ እየተራገመ ማኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ባንቺአየሁ እጀታውን አዞረች፤ ጥቂት አዳምጣም መስሚያውን ለወንድሟ ሰጠችው።

«ሽማግሌ መጥተዋል» አለችው።

የሻው መስሚያውን በሁለት ጣቱ ይዞ «ማን ናችሁ?» አለ።

«ሐብተ ማርያም ነኝ፣ የአዘዞው። ቤቶች፣ እንዴት አመሻችሁ? ስለ ክንዱ ጉዳይ ደጃችሁ ቆመናል።»

«አንቱ፣ መቆምዎን በምን አውቃለሁ? በርጩማ ላይ ተደላድለው ቢሆንስ?»

«ልጄ፣ ይህ ነገር ግድግዳ ላይ ተቸንክሯል። እንኳን ልቀመጥ፣ በእግሬ ጣት ተንጠራርቼ ነው የማናግርህ።»

የሻው ፊቱ ያለውን ስልክ አየ፤ ራሱም ተንጠራርቶ ነበር። ከዚያ ዞሮ በሳሎኑ በር በኩል ወደ አዲሱ ስልክ ተመለከተ።

«በዚያኛው ቢሆን አልሰማዎትም ነበር» አለ። «እሱ ወንበር አለው።» ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ፦ «ሸጋ ነው። ከወገን ተማክረን እንነግራችኋለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ባንቺአየሁ አልተቆጣችም፤ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የተባለላት ሴት ትረክሳለች። ነገር ግን ሌላ ቀን ማለት ሌላ ጨለማ ማለት ነበር፤ ያውም ከእሑድ በፊት። በማግሥቱ መሐንዲሱ በአዲሱ ስልክ አዘዞ ደውሎ፣ ሞተሩ ዳግመኛ ከቆመ ጠባቂውን እንደሚያስይዘው ሲናገር ከማድ ቤት ሰማችው። በዚያ ዘመን ሆን ብሎ መብራት አጠፋ የተባለ ሰው የሚወሰድበትን ሥፍራ የማያውቅ አልነበረም።

«ሞተሩ እስከ እሑድ ባይቆምስ?» ስትል ወንድሟን ጠየቀችው።

«እንግዲያው ሽማግሌው አልተመለሰም። ለውዱ ቃሌን እሰጣለሁ።»

ሐሙስ ሸሚዝ ስትተኩስ ዓይኗ ከመብራት ቆጣሪው ሥር ያለችው ትንሽ ነጭ መሰኪያ ላይ ዐረፈ። መሐንዲሱ በክረምት ሲነቅላትና ሲመልሳት አይታለች። እሷ ስትነቀል የሚጨልመው ይህ ቤት ብቻ ነው፤ የአዘዞው ሞተር ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ክንዱን የሚከስስ አይኖርም። መሐንዲሱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የጎረቤትን መስኮት የማየት ልማድ የለውም፤ በቀጥታ ወደ ማኪናው ነው። አያ ሐብተ ማርያምም መልሱን ሳይሰሙ ከሞተር ቤቱ እንደማይርቁ ታውቃለች።

«አያ የሻው» አለች፤ «ምክርህን ዛሬ ጨርስ። ነገ አመሻሽ ላይ ሽማግሌው ይመለሳሉ።»

«መብራቱ እንደሚጠፋ በምን ዐወቅሽ?»

ባንቺአየሁ ካውያውን አስቀምጣ ሸሚዙን አጠፈች። የዓርቡን ጨለማ ራሷ ልታመጣው ቆርጣ ነበር።