ብሉ የጾመ ሰሞን

ከአገር ውጭ፣ ሾርላይን በምትባል ከተማ፣ በአፓርትማችን የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው እናቴ። አውቶቡስ የሚነዳው፣ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ የሚጥለው አባቴ። ታናሽ እህቴ ሶስና። ከላይኛው ፎቅ እየወረደ እኛ ቤት የሚውለው ኑረዲን፣ ወላጆቹ የደሴ ሰዎች የሆኑት። በዚያ ዓመት ከደብረ ብርሃን የመጣችው የእናቴ ታላቅ እህት፣ እቴቴ። እኔ። ከሁላችንም መሀል ደግሞ በመስታወት ገንዳው ውስጥ ቤታ የሚባለው ዓይነት አንድ ዓሣ ነበር።

ክንፉ ከገላው የሚረዝም፣ መብራት ሲያርፍበት ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ሰማያዊ ነበር። ሶስና ቀለሙን በእንግሊዝኛ ጠርታ ስሙን ብሉ አለችው። እቴቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሶስና ከትምህርት ቤት መጥታ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «ብሉ! ብሉ!» ስትል፣ እቴቴ የሰማችው ልጅቱ ዓሣውን እንዲበላ ስትለምነው ነው። ሶስና ምግብ ሳትሰጠው ወደ ጨዋታዋ ስትሄድ እቴቴ ይከፋታል። «ብሉ ብሎ ዝም ይባላል እንዴ?» ትልና ከዓሣ ምግቡ ቆርቆሮ ቆንጥራ ትጨምርለታለች። ይህንን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ሆዱ ተነፋ። ወደ አንድ ጎኑ ተጋድሞ ጠጠሩ ላይ ይውል ጀመር። ቤታ ውሃ ውስጥ ቢኖርም ወደ ላይ ወጥቶ አየር መሳብ አለበት፤ እሱ ግን መንገድ ላይ እየደከመው ይመለሳል። እቴቴ ወንበሯን ከገንዳው አጠገብ አላነሳችም። እኛ ሁላችን ጠዋት ወጥተን እስክንመለስ ድረስ በዚያ ቤት ከእሷ ሌላ ነፍስ ያለው እሱ ብቻ ነበር። «ይሄ ከሞተ እኔ እዚህ አልቀመጥም» አለቻት እናቴን። እናቴ ሳቀች። እቴቴ አልሳቀችም።

ከላይብረሪ የተዋስኩት መጽሐፍ ለጥቂት ቀናት ምግብ ይከልከል፣ ውሃው ይቀነስ፣ ሙቀቱ ይጠበቅ ይላል። በተሰባበረ አማርኛዬ «እቴቴ፣ መጾም አለበት» አልኳት። በደስታ ተቀበለችኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ውሃው ደፍርሶ፣ የራሰ ዳቦ ፍርፋሪ ተንሳፎበት አገኘነው። የቆርቆሮው ምግብ ከባሕር እንስሳ የተሠራ መሆኑን አባቴ ነግሯት ኖሮ፣ ከፍስክ አውጥታ የጾም እያበላችው ነበር።

«ኖ እቴቴ! ኖ ፉድ!» ሶስና ጮኸች።

«ፍስክ መች ሰጠሁት? ዳቦ እኮ ነው።»

እኔ ቃል አጠረኝ። ያስረዳት ኑረዲን ነው። «እቴቴ፣ የእናንተ ጾም አይደለም። የኛ ነው። ምንም አይቀመስም።»

«ውሃስ? እናንተ ውሃም አትጠጡም።»

«ምን ይደረግ እቴቴ፣ ቤቱ ነው።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እዚያ ቤት እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጾሙን አብራው ያዘች ማለት ይቻላል። እሱ እያየ አትበላም፤ ሳህኗን ይዛ መኝታ ቤት ትገባና በቁሟ ጎርሳ ትመለሳለች። ስሙን እንዳንጠራም ከለከለችን። «በጾሙ አታስጎምጁት!» እኔ ውሃውን እቀይራለሁ፣ ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ እጨምራለሁ፣ ቴርሞሜትሩን ለማንበብ ምንጣፉ ላይ በሆዴ እተኛለሁ። እሷ ከበላዬ ሆና ለዓሣው ታወራለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል ነበር። ከእኛ ጋር ስታወራ ሁለት ቃል ሳትል «ዋት?» እንላት ነበር፤ እሱን ግን ያለ ማቋረጥ ታወራው ነበር። እኔ ከዚያ ሁሉ የያዝኩት «ልጄ» የሚለውንና ተፈራ የሚል ስም ነው። ተፈራ ማን እንደሆነ እናቴን ጠየቅኋት። «እሷን እንዳትጠይቃት» አለችኝ።

ሆዱ ሲጎድል የተቀቀለ አተር ልጬ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ሰጠሁት። ወጣና ዋጣት። እቴቴ ወደ ኑረዲን ዞራ «አተር! ይኸው በኛ የጾም ምግብ ገደፈ!» አለችው። ከሳምንት በኋላ ክንፉን ዘርግቶ መስታወቱን ሲዞር ዋለ።

ዓሣው ዳነ፤ እሷ ግን አልቆየችም። አባቴ ኤርፖርት ሲያደርሳት መኪናው ውስጥ እናቴ አለቀሰች። «እሱ እንኳ ድኖልሽ!» አለቻት። እቴቴ በመስኮቱ ዝናቡን እያየች «ይሰማኛል እንጂ አይመልስልኝም» አለች። ከኋላ ወንበር ነበርኩ፤ ያቺን ተረድቻታለሁ። አገሯ ገብታ ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ አረፈች።

አማርኛ ማንበብና መጻፍ ራሴን ያስተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ተፈራ ልጇ እንደነበረ፣ እኛ ሳንወለድ እንደሞተ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ጆሮ ነበረኝ፣ ቋንቋ አልነበረኝም። ዛሬ ቋንቋው አለኝ፤ ከእሷ የቀረኝ ግን ድምፅዋ ብቻ ነው፣ ቃል የሌለው።

ሶስና፣ እሷ ለዓሣው ስታወራ አንቺ ሶፋው ላይ ሥዕል ትስዪ ነበር። ኑረዲን፣ አማርኛህ ከኔ ይሻል ነበር፤ ከጎኔ ተቀምጠህ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለዓሣው ስለ ልጇ ምን ነበር የምትለው? ግማሽ ዓረፍተ ነገርም ብትሆን ጻፉልኝ፤ እዚህ ላይ ልጨምራት።