«ማን አልተናገረም?» ትል የነበረችው እህቴ

ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ ይጮኻል። አላነሳሁም። ካላወራሁት እውነት የማይሆን መስሎኝ ነበር።

በቃ፣ እውነት ነው። ታላቅ እህቴ ቤዛ ዛሬ ንጋት ላይ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ትናንት እኮ «ቅዳሜ ልጆቹን እንዳታስቀርብኝ» ብላኛለች።

ለማታውቋት፦ አስተማሪ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ የካዛንቺስን ልጆች ግቢያችን ሰብስባ ራሷ የሠራችውን ጨዋታ ታጫውታቸዋለች። ካርቶን ላይ ሰፈሩን ከባምቢስ እስከ መስቀል ፍላወር ስላዋለች። ልጆቹ ካርቶኑ ላይ በቆርኪ ይሄዳሉ። በጨዋታው ዝናብ አንዳንዱን መንገድ ዘግቷል። የትኛው ክፍት እንደሆነ እያንዳንዱ ልጅ የያዘው ወረቀት ከፊሉን ብቻ ይነግረዋል። ሁሉም ቤቱ ካልገባ ማንም አያሸንፍም።

አንዴ የአንዱ ልጅ አባት ተቆጥተው መጡ።

«ፈተና ደርሶ አንቺ ቆርኪ ታስገፊያቸዋለሽ?»

«እሱም ፈተና ነው አባባ። ልጅዎ ሒሳብ ጎበዝ ነው። ባለፈው ግን መንገዱን እያወቀ ዝም አለና ጓደኞቹ ጠፉ። ዛሬ ተናገረ። ነገ ሥራ ሲይዝ የሚፈለግበት ይሄ ነው።»

«እና ከስንት ስንት አገኘ?»

ሳቀች። «ቁጭ ብለው ይዩታ!» ተቀመጡ። እስኪመሽ አልተነሱም።

አንድ ጯሂ ሁሉንም መምራት ሲጀምር እጇን ካርቶኑ ላይ ትዘረጋና «ቆይ፣ ማን አልተናገረም?» ትላለች። ያልተናገረው ልጅ እስኪናገር ቆርኪ አይነቃነቅም።

ዛሬ ከቀብር ስንመለስ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ትልልቆቹ እንደ ልማዱ ካርታ ሊጫወቱ ተቀመጡ፣ ለቅሶ ቤቱ ጭር እንዳይል። ልጆቹም አይተው የሷን ካርቶን አውጥተው ጥግ ላይ ዘረጉት።

ደሜ ፈላ። ልነጥቃቸው ሄድኩ።

ከሁሉም ትንሹ ሳሚ ቀና ብሎ አየኝ። «ናቲ፣ ቆይ። ማን አልተናገረም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር፤ ለእናቴ እንኳን።

ሳሚ ወረቀት ሰጠኝ። አነበብኩት።

«በዚህ በኩል... ክፍት ነው» አልኩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ልጆቹ አልሸሹም። ቆርኪያቸውን ይዘው ጠበቁኝ።

ቤዝዬ፣ ቅዳሜ ልጆቹ አይቀሩም። እጄን ካርቶኑ ላይ የምዘረጋው እኔ ነኝ።

አንቺ ቀድመሽ ቤት ገባሽ፤ እኛ ገና መንገድ ላይ ነን። ሁሉም ካልገባ ማንም አያሸንፍም ብለሽ የለ? ጠብቂን እንግዲህ፣ እህቴ።