ቀምሼ የሰጠሁት ጠላ

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጄና ሁለት ወዳጆቹ ሳሎኔን ይይዙታል። አንደኛው ልጄን ያስተማረ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሌላው ከእብናት ደብረ ታቦር እየተመላለሰ እህል የሚነግድ ሰው ነው። ልጄ ሹፌር ስለሆነ አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር አንድ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። የሚሰበሰቡት ለመስከር ቢሆን ይገባኝ ነበር። እነሱ ግን የሚሰበሰቡት ስለሚጠጡት ነገር ለማውራት ነው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣሉ፣ ያሸታሉ፣ አንድ ጉንጭ ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ልጄ ፎቶ አንሥቶ እንደነሱ ያለው ሰው ሁሉ ወደተሰበሰበበት የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። «ዛሬ ምን ያዛችሁ?» ብሎ ይጽፋል። አንዱ ከሐዋሳ ቢራውን፣ ሌላው ከድሬዳዋ ውስኪውን ይልክለታል። ሥራ ፈቶች ናቸው እላለሁ በልቤ፤ ብርጭቆ ግን አቀርባለሁ።

አንድ እሑድ ልጄ ያመጣው ውስኪ አጨቃጨቃቸው።

«ጭስ ጭስ ይላል» አለ ልጄ።

«ምን ጭስ ነው? የተቃጠለ ገመድ ነው እንጂ!» አለ ነጋዴው። «የበሬዬ ገመድ እሳት የገባ ለት የሸተተኝ ይኸው ነው።»

መምህሩ ሌላ ጉንጭ ጨመረ። «የለም፣ የለም። የሐኪም ቤት ሽታ ነው። ቁስል የሚጠርጉበት መድኃኒት።»

«ታዲያ ለምን ይጠጡታል ጋሼ?» አለው ልጄ።

«ቁስል ስላለኝ ነዋ!»

ሣቁ። ልጄ ደግሞ ኮክቴል ልሥራላችሁ ብሎ ተነሣና አረቄ ላይ ሎሚ ጨመቀ፣ ማር ጨመረ፣ በረዶ ስለሌለን በቀዝቃዛ ውሃ አሟሟው። ነጋዴው ቀምሶ፣ «አንተ፣ ይኼማ የጉንፋን መድኃኒት ነው! እናቴ ያለፎቶ ነበር የምታጠጣኝ» አለው።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ነገር እንዲታወቅልኝ ነው። ስለ ውስኪው እንደ ልባቸው ነው የሚናገሩት። ውድ ጠርሙስ ይዘው ገመድ ይሉታል፣ ቁስል ይሉታል፣ ማንም አይቀየማቸውም። የኔ ጠላ ሲቀርብ ግን ድምፃቸው ይለወጣል።

በኛ አገር አስተናጋጅ ሳይቀምስ አይሰጥም። እኔም ከማሰሮው ቀድቼ፣ ፊታቸው ቆሜ አንድ ጊዜ ጎንጨት እላለሁ፤ ከዚያ እሞላላቸዋለሁ። አርባ ዓመት ያደረግሁት ነው። ዛሬ ግን ማስመሰል ነው። ባለፈው ክረምት ያስተኛኝ ጉንፋን ሲለቀኝ ማሽተቴን ይዞት ሄደ። ጨውና ስኳር እለያለሁ፤ የሚመርና የሚኮመጥጥም ምላሴን ይነካዋል። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ውሃ ነው። ጋኑ ሻጋታ ይዞ እንደሆነ፣ የተቆላው ገብስ አርሮ እንደሆነ፣ የወይራው ጭስ ለጋኑ በቅቶት እንደሆነ የሚነግረኝ አፍንጫዬ ነበር። አሁን የሚነግረኝ የለም።

ለማንም አልተናገርኩም። ባሌ ሲሞት ወንድሞቹ መሬቱን ተካፈሉ፤ አልቅሰው ሳይጨርሱ ነው ገመድ ይዘው የወጡት። ለኔ የተረፈኝ ይህ ቤትና «የሷ ጠላ» የሚለው ስም ነው። ስሙን ደግሞ ባሌ በሕይወት ሳለ እንኳ በሙሉ አልሰጠኝም። እንግዳ ሲያመሰግን፣ «እናቴ ናት ያስተማረቻት» ይል ነበር። እናቱ ያስተማረችኝ ዝም ማለት ነው።

ያን እሑድ እንደ ልማዴ ቀምሼ ሰጠኋቸው።

«እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ» አለ ነጋዴው።

«ግሩም ነው» አለ መምህሩ።

«እንደ ሁልጊዜው ነው እማዬ» አለ ልጄ፤ ፎቶ አንሥቶም ላከው። ከሐዋሳም ከድሬዳዋም አድናቆት ጎረፈ። ያልቀመሱት ሰዎች!

«ስለ ውስኪው ያን ሁሉ ስትሉ፣ የኔስ ምን ምን ይላል?» አልኳቸው።

ተያዩ። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠላ ጠላ ይላል» አለ።

«ጠጡ እንጂ፣ በሞቴ!»

ጠጡ። ማታ ላም ላስገባ ስወጣ ግን በጓሮ በር ጥግ፣ ጌሾው ሥር፣ መሬቱ ርሶ አየሁ። ዝናብ አልነበረም። አተላው እላዩ ላይ ቀርቷል። ከሦስቱ የትኛው እንደደፋው አላውቅም። ያዘንኩት በመድፋቱ አይደለም፤ የተበላሸ ነገር ይደፋል። ሦስቱም ለአሮጊት ክብር ብለው እውነቱን ነፈጉኝ። ልጄንም ልጠይቀው አልቻልኩም። ብጠይቀው «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል፤ ከዚያ ማወቁ ነው፤ ካወቀ ደግሞ ያዝንልኛል።

በሚቀጥለው ወር የማርያም ማኅበር ጽዋ የሚገባው እኔ ቤት ነበር። አሥራ ሁለት ማኅበርተኛና ቄሱ ይመጣሉ። የጽዋ ጠላ ተበላሸ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ አልነግረውም። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በቀብርሽም ላይ ይወራል። ጋኑን በግራዋ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩ፣ ጌሾውን ጠነሰስኩ። ገብሱን ስቆላ ዓይኔን ከመጥበሻው አልነቀልኩም፤ ማረሩን በመልኩ ብቻ ነው የማውቀው። ጠላው ሲደርስ ለጽዋው ሦስት ቀን ቀረው። ቀመስኩት። ውሃ።

በዚህ ከተማ ጠላዬን ፊት ለፊት የነቀፈ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ የባሌ ታላቅ እህት። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ባለበት፣ ጎንጨት አድርጋ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችና «ይኼ የዕቃ እጣቢ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህም ጠላዬ ሲመሰገን አፍንጫዋን ትነፋለች እንጂ አንድ ቀን ጥሩ ነው ብላ አታውቅም። ፊት ለፊት «እታለም» እያልኩ በአንቱታ እጠራታለሁ፤ እዚህ ግን ማንም ስለማይሰማኝ እሷ እላታለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ያን ቃሏን ስትበላ ማየት ነበር። አሁን የፈለግሁት ያቺኑ ክፉ ምላሷን ነው።

ሰው ላክሁባት። በዘንግ እየተደገፈች መጣች።

«ምን ጉድ ተገኘ? ከተዝካሩ ወዲህ ጠርተሽኝ አታውቂም።»

«ለጽዋው የጠመቅሁትን እንዲቀምሱልኝ ነው፣ እታለም።»

«እኔ? አፍ የለሽም?»

«ጥርሴን አሞኛል።»

ከማሰሮው ቀድቼ ሰጠኋት። ረስቼ አልቀመስኩም፤ በቀጥታ ነው የሰጠኋት። ብርጭቆውን ይዛ ቆየች። እኔን ተመለከተች፣ አፍንጫዬን ይሁን አፌን አላውቅም። ከዚያ አሸተተች። ጠጣች። አንዴ ጎንጨት ብላ የምታስቀምጠው ሴት እስከ ግማሽ ጠጣችው።

«ጥሩ ነው» አለች።

ተጠጋኋት። «እታለም፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ሻጋታ የለውም? ጭሱ አልበዛም?»

«የኔ ልጅ፣ ጥሩ ነው» አለችኝ።

የኔ ልጅ! ያን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። በኔና በሷ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ በዝግታ ስትወርድ አየኋት። መሳደቧን ትታ ስትራራልኝ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። እውነቷን ቢሆን ጠላው ተርፏል። አዝናልኝ ከሆነ ጋን ሙሉ ጠላ ተበላሽቶ ተቀምጧል፤ ሌላ ለመጥመቅ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል፣ ያለኝ ሦስት ቀን ነው። ተበቅላኝ ከሆነም እንዲሁ ነው። የጋኑን አፍ ከድኜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ የተሻለ ሥራ አልነበረኝም።

የጽዋው ቀን ቤቱ ሞላ። ቄሱ ባርከው ሲጨርሱ ቀዳሁ፣ ሁሉም እያየኝ ቀመስኩ፣ ራሴንም ነቀነቅሁ። ከዚያ ሞላሁላቸው። የሰው ፊት ማንበብ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሰው ግን በማርያም ጽዋ ላይ ፊቱን አያጨማድድም። ቄሱ «በረከት ነው» አሉ። አንዱ አዛውንት «ግሩም» አለ። ጎረቤቴ ወደ ብርጭቆዋ አጎነበሰችና ዝም አለች። ዝምታዋ ከጸሎት ይሁን ከሌላ ነገር ለማወቅ ቆሜ አየኋት፤ ምንም አልነገረኝም።

የባሌ እህት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያውን ጨረሰች። ሁለተኛውን ጨረሰች። «የዘንድሮው ጠላ!» አለች ጮክ ብላ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፤ ሰዉም ተከትሎ «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» አለ። ከዚያ ባዶ ብርጭቆዋን ወደኔ ዘረጋችና ዓይኖቼን አየችኝ።

ሞላሁላት።