የአባዬ ዲሽ ገመድ

ባለፈው ሳምንት ዲሽ የሚገጥመው ሰውዬ ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል፣ ከግድግዳችን ውጪ ትንሽ ረገብ ብሎ የተንጠለጠለውን ገመድ ባለቤቴ አየና «ይቺን ወደ ውስጥ ሳብ ላድርጋት፣ ታስጠላለች» አለ። «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ደንግጠው አዩኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለ የቀበሌ ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ለአባዬ ኳስ ማለት ነፍሱ ነበረች፤ ዝናብ ቢመታው፣ ቡድኑ ቢሸነፍ፣ ድምፁ ተዘግቶ እየተራገመ ቢመለስም፣ በሳምንቱ ደግሞ በእግሩ እየገሰገሰ ስታዲየም ይሄዳል። ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ጋ መኪና ገጭቶት እግሩ ሲሰበር ግን ያ ሁሉ ቀረ፤ ዓለሙ ከአልጋው እስከ ደጃፉ ሆነ። ዲሽ ላስገባ ሲል እንቢ ለማለት የጨከነ ሰው አልነበረም፣ ከእማዬ በቀር።

እማዬ የፈራችው ለግድግዳዋ ነው። የጎረቤቱ ሁሉ ገመድ በመስኮት ነበር የሚገባው፤ አባዬ ደግሞ ነገር በወጉ ካልሆነ አይወድምና ግድግዳው ይበሳ አለ። «አንዲት ጠብታ ከገባች ዲሹን እኔው ራሴ አስወርደዋለሁ» ብሎ ማለላት።

የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ከድር መሰርሰሪያውን ይዞ ሲመጣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን፤ ማገሩን ቢመታው ምርጊቱ ሊረግፍ ይችላል። ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ለጥፎ እያዳመጠ በማገርና በማገር መካከል ቦታ ፈለገ፤ ከዚያ ወደ ውጪ ዘቅዘቅ አድርጎ በሳው። ጥቂት አፈር ብቻ ወረደ። ገመዱን አሳልፎ ውጪ በኩል ክንድ የምታህል አንጠልጥሎ ተወና፣ «ጋሼ፣ ይቺን ማንም እንዳይስባት። ዝናቡ በገመዱ መጥቶ እዚህ የረገበው ጋ ነው የሚንጠባጠበው፤ ከተወጠረ ግን በቃ፣ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ውስጥ ነው የሚገባው» አለ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሐሳቤ ግን የቴሌቪዥኑ ምስል መቼ ይመጣል የሚለው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ፣ አገሩን እንኳ የማያውቀውን ዳኛ ሲያብጠለጥል እማዬ ጓዳ ሆና ትስቅ ነበር።

ሐምሌ ላይ የቂርቆስ ንግሥ ሲቃረብ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤቱ ይጸዳ ጀመር፤ የውጪው ግድግዳ ለእኔ ደረሰኝ። ያ የተንዘላዘለ ገመድ ዓይኔን ወጋው። ገብቼ ከውስጥ ሳብኩትና ትርፉን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ጠቅልዬ ደበቅኩት። እንዴት እንዳማረ ለብቻዬ ደጋግሜ አየሁት።

ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ግድግዳው ላይ እርጥበት አየሁ። የከድር ቃል ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ልናገር፣ ወይስ ገመዱን መልሼ ልግፋው እያልኩ ስቁነጠነጥ ምርጊቱ አበጠ፤ ከዚያ ተገምሶ ወረደ። እማዬ ጮኸች። አባዬ በዱላው እየተደገፈ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ቀና ብሎ አየ፤ ገመዱ ውጥር ብሏል። ተመልሶ ውሃ እየተንጠባጠበበት ፊቴ ቆመ። አንዴ ዓይኔን አየኝና ወደ እማዬ ዞረ።

«እኔ ነኝ የሳብኩት። ከድር ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም» አላት።

ግድግዳው ዳግመኛ ተመረገ፤ ዲሹም ወረደ፤ አባዬ ቃሉን አያጥፍም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከስታዲየም የሚመጣውን ጩኸት ያዳምጣል፤ ጩኸቱ ከፍ ሲል «ገባ!» ይለኛል፣ ማን እንዳገባ ሳያውቅ። ቀና ብዬ ላየው አልችልም ነበር።

ያ ቤት ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ አባዬም ካረፈ ቆየ። ነገሩን አንድም ቀን አላነሳብኝም፤ እኔም ይቅርታ ሳልለው ቀረሁ። አሁን ከእኔ ጋር የምትኖረው እማዬ ስለ እሱ ስታወራ ደግነቱን ሁሉ ትቆጥርና፣ «ምን ያደርጋል፣ ሰው ሲመክረው አይሰማም ነበር» ትላለች። እኔም እስካሁን እውነቱን አልነገርኳትም።